አርባ ሦስት ኩባያ ከካኞ ኦንዶ

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ። ከዋናው ከተማ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የላብራቶሪያችን የስም ሰሌዳ ቀለም ከአዲሱ መመሪያ ጋር አይጣጣምም ይላል። ባለፈው ወር ስለ ማይክሮስኮፕ ስላይድ እጥረት ለጻፍኩት ግን መልስ የለም። ስለ ሰሌዳው ሁለት ገጽ... ስለ ስላይዱ ዝምታ።

ከሰዓት በኋላ ጀልባችን ከካኞ ኦንዶ ተመለሰች። ስልሳ የሰገራ ናሙና በስልሳ ኩባያ፣ የእያንዳንዱ ባለቤት ስም ተጽፎበት፣ በሥርዓት ተደርድሮ። ከዚያ መንደር እንዲህ የተስተካከለ ነገር መጥቶ አያውቅም። ደስ አለኝ።

ነገሩን ለራሴ ላስፍረው። የመቆፈሪያው ማሽን አንድ፣ መንደሮቹ ሁለት፣ ካኞ ኦንዶና ላስ ፓልሚታስ። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ፋሪያስ እስከ ሜይ 31 የሁለቱንም የምርመራ ውጤት ይጠብቃል፤ የአንጀት ተውሳክ የበዛበት መንደር ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ያገኛል። ሌላው “በሚቀጥለው በጀት” ይባላል። ይህን ላብራቶሪ በመራሁበት ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሐረግ ስንት ጊዜ ሰማሁት? የላስ ፓልሚታስ ውጤት ገብቷል፤ ከመቶ ሃምሳ ስምንት። ካኞ ኦንዶ ከዚያ እንደሚብስ አውቃለሁ። ከብት ከሚገባበት ጅረት ነው የሚጠጡት። ባለፈው ክረምት ሦስት ሕፃናት ቀብረዋል።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

ሉዲቪና ሳታንኳኳ ገባች። ይህች ሴት ሃያ ስድስት ዓመት የላብራቶሪያችን ዋና ቴክኒሻን ሆና ስትሠራ፣ ሳታንኳኳ የገባችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እሳት የተነሳ ዕለት።

“ዶክቶራ፣ ካኞ ኦንዶ ጤነኛ ነው።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“አርባ ሦስት ሰው ምንም የለበትም። ወስፋት የለ፣ መንጠቆ ትል የለ፣ አሜባ የለ። ስዊዘርላንድ ነው እንጂ ካኞ ኦንዶ አይመስልም።” ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ደግሞ አርባ ሦስቱም ዘይቱን በልተዋል።”

ሄጄ አየሁ። እውነት ነው። ያው የዘይቱን ፍሬ፣ ያው ቀለም፣ ያው መልክ። የስድስት ወር ሕፃን ስም በተጻፈበት ኩባያ ሳይቀር። የስድስት ወር ሕፃን ዘይቱን ይበላል?

“የአንድ ሰው ነው” አለች ሉዲቪና። “ማንም ይሁን ማን፣ አንጀቱ የተመሰገነ ነው።”

ልስቅ አልቻልኩም። የቀሩትን አሥራ ሰባት ኩባያዎች ጠየቅኋት። አሥራ አራቱ ተውሳክ አለባቸው።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

በሬዲዮ ካኞ ኦንዶን ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል። ዶኛ ብሪሂዳ ቀረበች፤ በመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ እሷ ናት፣ ኩባያዎቹን ቤት ለቤት አድላ የሰበሰበችውም እሷ።

“ዶኛ ብሪሂዳ፣ ናሙናውን የሰጠው ማን ነው?”

“ሁሉም ነዋ፣ ዶክቶራ። ስማቸው አለበት እኮ።”

“የስድስት ወሩ ልጅ ዘይቱን በልቷል።”

የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

“ዶን ካሲሚሮ ናቸው” አለች በመጨረሻ።

የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። ጨጓራቸውን ከታመሙ ወዲህ ያልፈላ ውኃ አፋቸው አይገባም። በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ያንን አይተው ነው ምጣድ የሚጥዱት አለችኝ። ሰዓት የላቸውም፣ ካሲሚሮ አላቸው።

“ታዲያ ለምን ከእርሳቸው?”

“ለእርስዎ ያንን የእኛን እንላክ እንዴ? ስማችን ተጽፎበት? የከተማ ሰው ተሰብስቦ እንዲያየው? እርሳቸው ጥሩ አላቸው፤ ለጎረቤትም አልነፈጉም።”

“እኔ የምፈልገው ጥሩውን አይደለም፣ ዶኛ ብሪሂዳ።”

“መጥፎውን ፈልገው ነው እንዲያ የሚያምር ኩባያ የላኩልን?”

ይህን በዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።

ዓርብ፣ ሜይ 10

ነገሩ ብሷል። ጸሐፊያችን የረቡዕን ውጤት ሳትጠይቀኝ ለኢንጂነር ፋሪያስ በፋክስ ልካዋለች። ስለ ስላይድ ስንጽፍ ሁልጊዜ የሚበላሸው ፋክስ፣ በዚያ ቀን ሠራ።

ኢንጂነር ፋሪያስ በስልክ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ያደክማል።

“ዶክቶራ፣ እጄ ላይ ያለው ከመቶ ሃያ ሦስት ነው። ላስ ፓልሚታስ ሃምሳ ስምንት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን መቁጠር እችላለሁ።”

“ናሙናው የአንድ ሰው ነው እያልኩህ ነው።”

“እርስዎ ካሉ አምናለሁ። ወረቀቱ ግን አያምንም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ወረቀት ያምጡልኝ።”

ሌላ ወረቀት። ማለትም ሌላ ጉዞ፣ ሌላ ኩባያ፣ በጀልባ ሰባት ሰዓት ሽቅብ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። በማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሰኞ፣ ሜይ 13

ማስታወቂያ ወጣ። የኃይል ማከፋፈያው ስለሚጠገን ከሜይ 20 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ቀን መብራት አይኖርም። አሥራ ሁለት ቀን... “ለሚደርሰው መጉላላት ይቅርታ” ይላል ከታች።

በማቀዝቀዣችን ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት የባክቴሪያ ዘሮች አሉ። ከመላው ክልሉ በሽተኞች የተለዩ፣ በየብልቃጡ የተኙ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ። ሆስፒታሉ አዲስ መድኃኒት ሲመጣለት የሚሞክረው በእነርሱ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ከቆመ ይሞታሉ። ጄኔሬተሩ ሊያቆየው ይችላል፤ አሥራ ሁለት ቀን ግን የወሩን ድርሻችንን፣ አንዷን በርሜል ቤንዚን፣ አሟጦ ይጠጣል።

ጀልባዋም ካኞ ኦንዶ ደርሳ ለመመለስ ያንኑ በርሜል ትፈልጋለች።

ለጦር ሰፈሩ ደወልኩ። ለወደቡ ደወልኩ። ለስኳር ፋብሪካው፣ ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ሁሉም አክብረውኛል። ሁሉም ስለ ቤተሰቤ ደኅንነት ጠይቀውኛል። ቤንዚን የሰጠኝ የለም። ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ ሰው፣ በየበዓሉ መድረክ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ አንድ በርሜል ማግኘት ካልቻለ መድረኩ ለምን ይጠቅማል?

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ሉዲቪና መፍትሔ አለኝ አለች። የማጣሪያ ወረቀት በትንንሹ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ ማፍላት፣ ባክቴሪያውን ቅባቱ በወጣ ወተት በጥብጦ አንዳንድ ጠብታ ማሳረፍ፣ እርጥበት በሚመጥ ጠጠር ላይ አድርቆ በትንሽ ጠርሙስ ማሸግ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ። ያለ መብራት ዓመታት ይኖራል ትላለች።

“ይህ ያረጀ ዘዴ ነው” አልኳት።

“እኛስ?”

“ሁሉም አይተርፍም።”

“ማቀዝቀዣው ውስጥ ካሉት የሚተርፈው ስንቱ ነው? ባለፈው ነሐሴ መብራት ሲሄድ ሃያ አንዱ አልሞቱም? እርስዎ ለሪፖርቱ ‘ጥቂት’ ብለው ጻፉ እንጂ እኔ ቆጥሬያለሁ።”

ልክ ናት። መበሳጨቴም ለዚያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወሰንኩ። ቤንዚኑ ለጀልባዋ። ሰኞ ማለዳ እንነሳለን፣ ሉዲቪናም ማይክሮስኮፑን ይዛ ትመጣለች። እስከዚያ የቻልነውን ያህል ዘር ወረቀት ላይ እናሳርፋለን። በውሳኔው ላይ ፈረምኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 17

ቀንና ሌሊት እየሠራን ነው፤ እኔም ነጭ ካፖርት ለብሼ። ከስንት ዓመት በኋላ? የአልኮል ፋኖሱ ፊት ስቀመጥ ጉልበቴ ቢያመኝም እጄ አልረሳም። ወረቀት፣ ጠብታ፣ ቁጥር፣ ክዳን። ወረቀት፣ ጠብታ...

ዘጠና ስድስት አልቋል። ቅደም ተከተሉን ሉዲቪና አወጣች፤ ሆስፒታሉ የሚጠቀምባቸው መጀመሪያ፣ የተቅማጥ ወረርሽኝ ዘሮች ቀጥሎ፣ “ለዝና የተቀመጡ” መጨረሻ። ቃሉ የእሷ ነው። ቁጥር ሠላሳ ከመጨረሻዎቹ ነው። ሜዳሊያ ያሸለመኝ፣ በየንግግሬ የማነሳው ዘር። ሆስፒታሉ ከአሥር ዓመት ወዲህ ጠይቆት አያውቅም።

“ሠላሳን ላስቀድምልዎ?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“ተራውን ይጠብቅ።”

እንዲህ ስል ኩራት ተሰማኝ። ማታ ቤት ስገባ ጠፋ።

እሑድ፣ ሜይ 19

ትንንሾቹ ጠርሙሶች አለቁ። አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። ሰማንያ ሦስት ቀሩ፤ ቁጥር ሠላሳ ከቀሩት ነው። የማርማላታ ጠርሙስ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርን፤ አንዱም ክዳኑ አይገጥምም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21፣ ካኞ ኦንዶ

ትናንት በዝናብ ደረስን። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ሰዉን ሰብስቤ ተናገርኩ። ግሩም ንግግር ነበር፤ ስለ ተውሳክ የሕይወት ዑደት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሕዝብ ጤና። አርባ ደቂቃ። ጉድጓዱ በዚህ ኩባያ ላይ እንደተንጠለጠለ ነገርኳቸው። አጨበጨቡ። ሰማንያ ኩባያ አደልን።

እስከ ቀትር የተመለሰው ስድስት።

ዶን ካሲሚሮ ባርኔጣቸውን እንደያዙ መጡ። አዝነዋል።

“ዶክቶራ፣ የእኔ ምን ተገኘበትና ተመለሰ?”

“ምንም አልተገኘበትም፣ ዶን ካሲሚሮ። እጅግ ጥሩ ነው።”

“እኮ! ታዲያ?”

“የአርባ ሦስት ሰው ሆኖ መጣ።”

“አርባ ሦስት ሴቶች በሬ ላይ ቆመው ሲለምኑ ምን ልበል? የለኝም ልበል? ሁሉ ሰው ያውቃል እንዳለኝ።”

ሉዲቪና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ማለዳ ዘጠኝ ኩባያ። ተስፋ ቆረጥኩ፤ ዶኛ ብሪሂዳን ቆጣ ብዬ ተናገርኳት። ልጆቻችሁ ናቸው የሚሞቱት አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ባለፈው ክረምት ከተቀበሩት ሦስት ሕፃናት አንዱ የእሷ የልጅ ልጅ ነበር፤ ረስቼው ነው... ወይስ አውቄ?

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“እርስዎ ሰጥተው ያውቃሉ፣ ዶክቶራ?”

“ምን?”

“ኩባያ። ስምዎ ተጽፎበት። ሰው እያየ።”

ሠላሳ አንድ ዓመት። ስንት ሺህ ሰው ጠይቄያለሁ? አንድም ጊዜ አላደረግሁትም። የራሴን ለሰው አሳይቼ አላውቅም፤ ሰው ቀርቶ እኔም አላየሁትም።

ኩባያ ወሰድኩ። እርሳስ ጠይቄ ስሜን በሙሉ ጻፍኩበት፦ ኤልቪራ ኡርባኔጃ። ወደ ዶኛ ብሪሂዳ ጓሮ ሄድኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ ሃያ እርምጃ ነው። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ተመልሼ ኩባያውን በጠረጴዛው መሐል፣ በሉዲቪና ፊት አኖርኩት።

ሉዲቪና ማይክሮስኮፑን ወደ ፀሐይ አዙራ መረመረች። ረጅም ጊዜ ወሰደች። ቀና ስትል ከፊቷ አንድ ነገር እንዳገኘች አወቅሁ።

“ተናገሪ” አልኳት።

“ዶክቶራ ወስፋት አለባቸው።”

ማንም አልሳቀም፣ መጀመሪያ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ “ከተማም አለ ማለት ነው?” አለች። “አለ” አልኩ። “ሰላጣ እወዳለሁ።” ያኔ ሳቁ። ተሰልፈው አንድ በአንድ በማይክሮስኮፑ የወስፋቴን እንቁላል አዩ። ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ሁለተኛ ዙር ተሰለፈች።

“ከእኛ ይበልጣሉ እንዴ?” አለች ዶኛ ብሪሂዳ።

“እስኪ አምጡና እንይ።”

ሐሙስ፣ ሜይ 23

ሰባ አንድ ኩባያ። የእኔን ሳይጨምር። ሁሉንም ባለቤቱ ራሱ፣ ወይም እናት ልጇን ይዛ፣ ጠረጴዛው ድረስ አመጣው። መልኩ አንዱ ከሌላው አይገናኝም፤ እንዲህ የሚያስደስት ነገር አይቼ አላውቅም፣ ብዬ ለመጻፍ አላፍርም።

ሃምሳ ሰባቱ ተውሳክ አለባቸው። ከመቶ ሰማንያ። ዶን ካሲሚሮ እንደገና ንጹሕ፤ በማኅተም የተደገፈ ወረቀት ጠየቁ። ጻፍኩላቸው። ለሁሉም የትል መድኃኒት ሰጠን፤ እኔም ዋጥኩ። ውኃው ካልተለወጠ በስድስት ወር ይመለስባቸዋል።

ዶኛ ብሪሂዳን ይቅርታ ጠየቅኳት። “ተናደው ነው” አለች። አዎ። ግን በቂ ምክንያት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ተመልሰን ማቀዝቀዣውን ከፈትን። ሽታው... ሰማንያ ሦስቱም ብልቃጦች በረዷቸው ቀልጦ፣ ሞቀው። እንዳሉ መጣል ክልክል ነው፤ ማምከኛው መሣሪያ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ሉዲቪና የቤቷን የግፊት ድስት አምጥታ በከሰል ላይ ቀቀለቻቸው። “ከዚህ በኋላ ባቄላ አልሠራበትም” አለች።

መዝገቡን ዘርግቼ ሰማንያ ሦስት ቁጥር በቀይ ሰረዝኩ። ሠላሳ ላይ ስደርስ እንደ ሌሎቹ እሰርዛለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፤ የመጀመሪያው መስመር ጠማማ ነበር።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

ኢንጂነር ፋሪያስ ቢሮ በአካል ሄድኩ።

“ዶክቶራ፣ በሦስት ሳምንት ከሃያ ሦስት ወደ ሰማንያ? አለቆቼ እርስዎ መንደር መረጡ ነው የሚሉት።”

“ሁለተኛውን ገጽ አንብብ።”

የመጀመሪያው ምርመራ ለምን እንደተበላሸ ጽፌዋለሁ። የመንደሩን ሰዎች አልከሰስኩም። ኩባያ አድለን በሩቅ ስንጠብቅ የኖርነው እኛ ነን፤ ያንን አሠራር ከሃያ ዓመት በፊት የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚያ መንገድ የመጣ ሌላ ስንት ውጤት እንዳለ አላውቅም ብዬም ጽፌያለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት።

አነበበ። ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ፤ ዝርዝሩን።

“የመጀመሪያው ስም... እርስዎ ነዎት?”

“ከስሌቱ ውጪ ነው። ከዝርዝሩ ግን አይወጣም። በዚያ ጠረጴዛ መጀመሪያ የቀረበው እርሱ ነው።”

“ይህ ሰነድ ሚኒስቴር ይገባል እኮ። ሰው ያነበዋል።”

“ወስፋት ያለባት ሴት ውጤት ማጭበርበር ከፈለገች፣ ከማን ትጀምር ነበር?”

ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነቱ ተሰበረና ሳቀ። ማኅተሙን አሳረፈበት።

ዓርብ፣ ጁን 14

ደብዳቤ መጣ፤ ጉድጓዱን ያገኘው ካኞ ኦንዶ። ላስ ፓልሚታስ በሚቀጥለው በጀት። ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ ከመቶ ሃምሳ ስምንት ጥቂት አይደለም። ለላስ ፓልሚታስ ጉድጓድ ማመልከቻ ደግሞ ዛሬውኑ መጻፍ ጀመርኩ።

ሉዲቪና ወረቀቶቹን መፈተሽ ጨርሳለች። ከአንድ መቶ ሠላሳ አንዱ አንድ መቶ ሃያ ሁለቱ በቅለዋል። ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ጉድጓዱ በሃምሳ ሁለት ሜትር ውኃ ሰጠ። ቆፋሪዎቹ አንድ ጠርሙስ ላኩልን። ሉዲቪና ውኃውን በባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖች ላይ ዘርታው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሳህኖቹ ንጹሕ ናቸው። አንድም ባክቴሪያ አልበቀለም። የማረጋገጫው ቅጽ ፊርማዬን እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ኢንጂነሩም ነገ ለጋዜጠኞች ሊያሳየው ሁለት ጊዜ ደውሏል።

ብዕሩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ጠርሙሱን ማን ሞላው? ከየትኛው ቧንቧ? ማን ቆሞ እያየ? ቅጹ ይህን አይጠይቅም። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት አልጠየቅሁም።

“ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ መጠየቅ ዘግይቷል ልትይኝ ነው” አልኳት ሉዲቪናን።

“እኔ ምን አልኩ? ጫማዎን ይቀይሩ፣ ወደቡ ጭቃ ነው።”

የዚህን ወር በርሜል ለጀልባዋ አልኩ። ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን። ውኃውን ከጉድጓዱ ራሴ እቀዳለሁ።